ድምፅዋ ቀድሞ የደከመባት መምህርት፦ ስለ ፖሊን ቪያርዶ ለቀረበ ጥያቄ የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ፈረንሳይ አገር ክላሲካል አዘፋፈን እየተማርኩ ነው። ድምፅሽ ሜዞ ሶፕራኖ (መካከለኛ የሴት ድምፅ) ነው ተብያለሁ። አስተማሪዬ የፖሊን ቪያርዶን የልምምድ መጽሐፍ ሰጥተውኝ በየቀኑ እንድሠራበት ነገሩኝ። ስለ ሴትዮዋ ሳነብ ግን ገና በአርባዎቹ መጀመሪያ ድምፅዋ ተበላሽቶ መድረክ እንዳቆመች አየሁ። የራሷን ድምፅ መጠበቅ ያልቻለች ሰው የሌላውን ድምፅ እንዴት ታስተምራለች? መጽሐፉንስ ብቻዬን ብሠራበት ይጎዳኛል?»

ምላሽ፦

ያነበቡት እውነት ነው። ፖሊን ቪያርዶ ከፓሪስ የኦፔራ መድረክ የተሰናበተችው በኤፕሪል 1863 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ)። ያኔ 42 ዓመት እንኳ አልሞላትም ነበር። ከዚያ ቀደም ባሉት ዓመታት የላይኛው ድምፅዋ እየሳሳ ሄዶ ነበር፤ በቅርብ የሚያውቋት ሙዚቀኞችም ይህን አልሸሸጉም። ከዚያ በኋላ ግን 47 ዓመት ኖረች፤ አብዛኛውንም ያሳለፈችው በማስተማርና ሙዚቃ በመጻፍ ነው። እኔ ድምፅ በማስተማር የቆየሁ ሰው ነኝ። የእርሷ ድምፅ መድከም ስለ ማስተማሯ የሚነግረኝ እርስዎ የፈሩትን አይደለም። ለምን እንደ ደከመ ጠንቅቃ ታውቅ ነበር፤ የምታስተምረውም በዚያ እውቀት ላይ ቆማ ነበር። ከሁሉ በላይ ደግሞ መጀመሪያ ሙዚቀኛ፣ ቀጥሎ ዘፋኝ ነበረች። ይህን ለማየት ከቤተሰቧ መነሳት አለብን።

ፖሊን በጁላይ 18 ቀን 1821 ፓሪስ ውስጥ ተወለደች። አባቷ ማኑኤል ጋርሲያ የሴቪያ ተወላጅ ስፔናዊ ቴኖር (ከፍተኛ የወንድ ድምፅ ያለው ዘፋኝ) ነበር። ሮሲኒ ስለ ሴቪያው ፀጉር አስተካካይ የጻፈው ኦፔራ በ1816 ሮም ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ የአልማቪቫን ሚና የዘፈነው እርሱ ነው። እናቷ ሆአኪና ሶፕራኖ (ከፍተኛ የሴት ድምፅ ያላት ዘፋኝ) ነበረች። ታላቅ ወንድሟ ማኑኤል በአባቱ ስም የተጠራ ሲሆን ከእርሷ 16 ዓመት ይበልጣል። ታላቅ እህቷ ማሪያ ደግሞ ኋላ «ላ ማሊብራን» ተብላ አውሮፓን ያናወጠችው ዘፋኝ ናት። በ1825 አባትየው ቤተሰቡን ጠቅልሎ ኒውዮርክ ገባ፤ እዚያም የጣሊያን ኦፔራን አስተዋወቀ። በ1826 የሞዛርትን ዶን ጆቫኒ ሲያቀርቡ አባት፣ እናት፣ ወንድ ልጅና ሴት ልጅ በአንድ ምሽት መድረክ ላይ ነበሩ። የኦፔራውን ግጥም የጻፈው ሎሬንዞ ዳ ፖንቴ በስተርጅናው ኒውዮርክ ይኖር ስለነበር ነገሩን በዓይኑ አይቷል። ከዚያ ወደ ሜክሲኮ ዘለቁ። ሲመለሱ ወደ ቬራክሩዝ ወደብ በሚወስደው መንገድ ሽፍቶች አስቁመው ያጠራቀሙትን ገንዘብ ሁሉ ዘረፏቸው። ባዶ እጃቸውን መርከብ ተሳፈሩ። አባትየው መርከቡ ላይ ፒያኖ ሳይኖር ትንንሽ ካኖኖችን (ዘፋኞች አንዱን ዜማ እየተከታተሉ የሚያዜሙባቸውን) ይጽፍና ቤተሰቡ ማታ ማታ መርከቡ ወለል ላይ ሰብሰብ ብሎ ያዜማቸው ነበር። ፖሊን ገና ሕፃን ነበረች፤ ሙዚቃ የተማረችው በዚህ ዓይነት ቤት ነው።

ፓሪስ ከተመለሱ በኋላ አባቷ ተማሪዎች ሲያስተምር ፒያኖ የምታጅበው እርሷ ሆነች። ልብ ይበሉ፤ አሥር ዓመት ያልሞላት ልጅ ናት። የሌሎች ሰዎችን ስህተት፣ የአባቷን እርማት፣ ከዚያ የተስተካከለውን ድምፅ ቀን በቀን ትሰማለች። ከተማሪዎቹ ይልቅ ከነዚያ ትምህርቶች የተጠቀመችው እርሷ እንደ ነበረች ኋላ ራሷ ተናግራለች። አባትየው ቁጡና ምሕረት የለሽ አስተማሪ እንደ ነበር ይነገራል፤ ለዚህች ትንሿ ልጁ ግን ልቡ የራራ ነበር። በ1832 ሲሞት ገና 11 ዓመት አልሞላትም።

እንግዲህ ብዙዎች የሚዘነጉት ነገር ይህ ነው፤ ፖሊን ልቧ ያለው ፒያኖ ላይ ነበር። ፍራንዝ ሊስት ፒያኖ አስተምሯታል፤ የሙዚቃ አጻጻፍ ደግሞ በፓሪስ ስመ ጥር ከነበረው ከአንቶን ራይሻ ተምራለች። ፒያኖ ተጫዋች ልትሆን ቆርጣ ሳለ እህቷ ማሪያ ከፈረስ ወድቃ በደረሰባት ጉዳት ሳቢያ በሴፕቴምበር 1836 ማንችስተር ውስጥ በ28 ዓመቷ ሞተች። እናቷ «ፒያኖውን ተይውና ዘፋኝ ሁኚ» አለቻት። ልጅቱ ታዘዘች፤ ኀዘኑ ግን ዕድሜ ልኳን እንዳልለቀቃት ጽፋለች። ፒያኖዋ ግን አልጠፋም። ከሙዚቃ ደራሲው ከሾፓን ጋር አብረው እየተጫወቱ፣ ማዙርካዎቹን (በፖላንድ ጭፈራ ስልት የተጻፉ የፒያኖ ሥራዎቹን) ለድምፅ እያመቻቸች፣ ክላራ ሹማንን የመሰለች ፒያኖ ተጫዋች እኩያዬ ብላ የምታከብራት ሰው ሆና ኖራለች። ክላራ በሕይወቷ ካገኘቻቸው ሴቶች ሁሉ እጅግ ባለ ተሰጥኦ አድርጋ ትቆጥራት ነበር።

በ1837 መገባደጃ ብራስልስ ላይ በኮንሰርት ጀመረች። በሜይ 1839 ለንደን ላይ በሮሲኒ ኦቴሎ ውስጥ ዴዝዴሞናን ሆና ኦፔራ ስትዘፍን 18 ዓመት አልሞላትም ነበር። በዚያው ዓመት ፓሪስ ሰማቻት። ባለቅኔው አልፍሬድ ደ ሙሴ ወደዳት፤ ጸሐፊዋ ጆርጅ ሳንድ ግን ሙሴን ትታ ሉዊ ቪያርዶን እንድታገባ መከረቻት። በ1840 ተጋቡ። ሉዊ በዕድሜ 21 ዓመት ያህል ይበልጣታል፤ የፓሪሱ የጣሊያን ቴአትር ዳይሬክተር፣ ጸሐፊና ሰርቫንቴስን ወደ ፈረንሳይኛ የመለሰ ተርጓሚ ነበር። ሥራውን ትቶ የእርሷን ጉዞና ውል መያዝ ጀመረ። ጆርጅ ሳንድ ደግሞ ፖሊንን አምሳያ አድርጋ ስለ አንዲት ዘፋኝ ትልቅ ልብወለድ ጻፈች።

አሁን ወደ ድምፁ ልምጣ፤ የጥያቄዎ እምብርት እርሱ ነውና።

የፖሊን ድምፅ ለጆሮ የሚለሰልስ ዓይነት አልነበረም። ሳን ሳንስ ዕድሜውን ሙሉ ወዳጇ የነበረ ሙዚቀኛ ነው፤ ድምፅዋ ከፍተኛ ኃይልና ስፋት ያለው ነገር ግን ሻከር ያለ፣ ሰዎች ከመራራ ብርቱካን ጣዕም ጋር የሚያነጻጽሩት፣ ለሐዘን ታሪክ የተፈጠረ ድምፅ እንደ ነበር ጽፏል። ስፋቱ ወደ 3 ኦክታቭ (ኦክታቭ ከአንድ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለው ርቀት ነው) ይደርስ ነበር። ጣጣውም ከዚሁ ስፋት መጣ። ከታች እንደ ኮንትራልቶ (ዝቅተኛው የሴት ድምፅ) ከላይ እንደ ሶፕራኖ መዝፈን ስለምትችል ሁሉንም ዘፈነች። የኦፔራ ሚናዎቹን ሮዚናን፣ ኖርማን፣ ዶና አናን፣ የሜየርቤርን ቫሌንቲንን ዘፈነች፤ የቬርዲ አዙቼናን በ1855 ለንደን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማችው ከእርሷ ነው። በርሊን ላይ አንዲት ባልደረባ ስትታመም በሜየርቤር ሮበርት ኦፔራ ውስጥ ሁለቱንም ዋና የሴት ሚናዎች በአንድ ምሽት ተጫወተች ይባላል። ሕዝቡ በደስታ ጮኸ። አስተማሪ የሆነ ሰው ግን ይህን ታሪክ ሲሰማ ያዝናል።

ምክንያቱን ላስረዳ። የአንድ ዘፋኝ ድምፅ ሊደርስበት የሚችለው ጫፍ አንድ ነገር ነው፤ ሳይደክም የሚኖርበት ሰፈር ሌላ። ሜዞ ሶፕራኖ ላይኛውን «ዶ» የሚባለውን ኖታ ልትነካ ትችላለች፤ ይህ ግን በዚያ ከፍታ አካባቢ ሦስት ሰዓት መቆየት ትችላለች ማለት አይደለም። ኦርኬስትራ የሚቃኝበት «ላ» የሚባለው ኖታ ላይ የድምፅ ጅማቶች በሴኮንድ 440 ጊዜ ይገናኛሉ። የሶፕራኖ ላይኛው ዶ ላይ ቁጥሩ ከ1,000 ያልፋል። ጅማቶቹ ሲሳሳቡና ሲቀጥኑ በግራና ቀኝ ያሉት ጡንቻዎች ያለ ዕረፍት ተወጥረው ይይዛሉ። ወፈር ያሉ ጅማቶች ያሏት ሴት በየምሽቱ ወደዚያ ስትገፋ ጡንቻው ይዝላል፤ ዘፋኟም ድካሙን በትንፋሽ ግፊት ልትሸፍን ትሞክራለች። ግፊቱ እብጠት ያመጣል፤ እብጠቱ ደግሞ ይበልጥ መግፋትን ይጠይቃል። መጀመሪያ የሚጠፋው ለስላሳው የላይኛው ድምፅ ነው፤ ከዚያ የመካከለኛው ድምፅ መስመር ይበጣጠሳል። የፖሊን ታሪክ ከዚህ ጋር ይገጥማል። በ1859 ደብሊን ላይ የቬርዲን ሌዲ ማክቤት ልትዘፍን ስትዘጋጅ ለኦርኬስትራ መሪው ለሉዊጂ አርዲቲ የላከችው ደብዳቤ አለ። የትኛው ክፍል በምን ያህል ዝቅ ተደርጎ እንዲጻፍላት፣ የአንዱ ክፍል መጨረሻ ከሚቀጥለው ጋር እንዴት እንደሚገጥም አንድ በአንድ ትዘረዝራለች። ያኔ 37 ዓመቷ ነው። ደብዳቤው የደከመ ድምፅ ማስረጃ ነው፤ ግን ደግሞ አንብበው የሚያደንቁት ሥራ ነው። የተጎዳችው ዘፋኝ ኦፔራውን በውስጠኛው የሙዚቃ አሠራሩ ታውቀዋለች፤ አቅሟን ሳትዋሽ ለክታ ሙዚቃው ሳይፈርስ ከአቅሟ ጋር ታስማማዋለች።

በዚያው ዓመት መገባደጃ ነው የሕይወቷ ትልቁ ሥራ የመጣው። ግሉክ የኦርፌዎስን ኦፔራ በ1762 ቪየና ላይ ለካስትራቶ (ድምፁ እንዳይወፍር በልጅነቱ ለተሰለበ ወንድ ዘፋኝ)፣ በ1774 ፓሪስ ላይ ደግሞ ለከፍተኛ ቴኖር ጽፎት ነበር። የሙዚቃ ደራሲው በርሊዮዝ ሁለቱን አዋሕዶ ለፖሊን ድምፅ እንዲስማማ አዘጋጀው፤ ወጣቱ ሳን ሳንስም አግዞታል። ኖቬምበር 18 ቀን 1859 በቴአትር ሊሪክ ታየ፤ ከዚያም ከመቶ ጊዜ በላይ ተደገመ። ቻርልስ ዲክንስ አይቶት ከማልቀሱ የተነሳ ፊቱ ተበላሽቶ ሳለ ወደ ልብስ መቀየሪያ ክፍሏ ወስደው እንዳስተዋወቁት ጽፏል። ድምፅዋ በጣም ሙሉ በነበረበት ጊዜ ይህን ያህል ሰው አላስለቀሰችም።

እንዴት? ለጓደኛዋ ለኦርኬስትራ መሪው ዩሊየስ ሪትስ ስለ ታዋቂው የኦርፌዎስ አሪያ (በኦፔራ ውስጥ አንድ ሰው ብቻውን የሚዘፍነው ዜማ) የጻፈችውን ማወቅ ይጠቅምዎታል። አሪያው ውስጥ ኦርፌዎስ ለሞተች ሚስቱ «ኤውሪዲቼዬን አጣሁ» የሚልበት ዜማ ሦስት ጊዜ ይመለሳል። ኖታው ያው ነው፤ ግጥሙም ያው ነው። መጀመሪያ ስትዘፍነው የደነገጠ ሰው ኀዘን አድርጋ፣ ሳትንቀሳቀስ ማለት ይቻላል። ሁለተኛውን እንባ ባፈነው ድምፅ። ሦስተኛውን ተስፋ በቆረጠ ሰው ጩኸት፣ ራሷን እንደ ለቀቀች ሆና። በአዘፋፈን ትምህርት ውስጥ ስለ ድግግሞሽ ከዚህ የተሻለ ምክር አላውቅም። ተማሪዎች አንድ ሐረግ ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ሁልጊዜ የሚያስቡት ስለ ድምፅ መጠን ነው፤ «ቀንሼ ልዝፈነው ወይስ ጨምሬ?» ይላሉ። እርሷ የምትጠይቀው ሰውየው በዚያች ቅጽበት ምን ሆነ የሚለውን ነው፤ የድምፁ መጠን ከዚያ ተከትሎ ይመጣል።

ለሜዞ ሶፕራኖ ሴት ከዚህ በፊት ያደረገችውን ሌላ ነገርም ልጥቀስ። ሜየርቤር ነቢዩ የተባለውን ኦፔራ ለዓመታት ይዞት ቆይቶ በኤፕሪል 16 ቀን 1849 በፓሪስ ኦፔራ ሲያቀርበው የእናትየውን የፊዴስን ሚና የፈጠረችው ፖሊን ናት። ኦፔራው ውስጥ ትልቁን የሐዘን ቦታ የያዘችው አፍቃሪዋ ወጣት ሳትሆን ልጇ የካዳት እናት ናት። ለዝቅተኛ የሴት ድምፅ እንዲህ ያለ ዋና ሚና ብርቅ ነበር። እርስዎ ወደፊት የሚዘፍኗቸው የፈረንሳይ ሜዞ ሚናዎች ብዙዎቹ ይህ በር ከተከፈተ በኋላ የመጡ ናቸው። ሳን ሳንስ ሳምሶንና ደሊላን ለእርሷ መታሰቢያ አድርጎ ነው የጻፈው፤ በ1874 በወዳጆች ቤት ሁለተኛውን ክፍል ስታዜም 53 ዓመቷ ነበር፤ መድረኩ ላይ ልትጫወተው ግን ዕድሜዋ አልፎ ነበር።

ስለ ሩሲያዊው ጸሐፊ ስለ ኢቫን ቱርጌኔቭ ብዙ ተወርቷል፤ እዚህ በአጭሩ ልለፈው። በ1843 ሴንት ፒተርስበርግ ስትዘፍን ተዋወቁ፤ እስከ ሞቱ ድረስ ከቪያርዶ ቤተሰብ ሳይርቅ ኖረ። በ1883 ባሏ በሜይ፣ ቱርጌኔቭ በሴፕቴምበር ሞቱባት። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ቱርጌኔቭ ተማሪዎቿ የሚጫወቱትን የኦፔሬታ (ቀለል ያለ ኦፔራ) ግጥም የጻፈላት መሆኑ ነው።

መድረኩን ስትለቅ ቤተሰቡ ወደ ጀርመን፣ ወደ ባደን ባደን ሄደ። ባሏ ሪፐብሊካዊ ነበር፤ በናፖሊዮን ሦስተኛ አገዛዝ ሥር መኖር አልወደደም። የማስተማር ሥራዋ የሰመረው እዚህ ነው። ሙያ የፈለጉ ወጣት ሴቶች ከየአገሩ መጡ። ፖሊን የገባት ነገር በአንድ ክፍል ውስጥ ስኬልና አሪያ ማስተማር ብቻ ዘፋኝ እንደማያወጣ ነው። ግቢዋ ውስጥ ትንሽ ቴአትር ሠራች። በራሷ ሙዚቃ፣ በቱርጌኔቭ ግጥም ኦፔሬታዎች አዘጋጅታ ተማሪዎቿና ልጆቿ ተጫወቱ፤ ነገሥታትና ሙዚቀኞች ሊያዩ መጡ። ከነዚህ አንዱ፣ የመጨረሻው አስማተኛ የተባለው፣ በ1869 ቫይማር በሚገኘው ቴአትር ቀርቧል። ተማሪ የምትዘፍነውን ሚና ለተማሪዋ ድምፅ ልክ አድርጋ ስለምትጽፍ ማንም ከአቅሟ በላይ እንድትጮህ አይጠበቅባትም ነበር። እርሷ ግን በተማሪዎቿ ዕድሜ ሳለች ይህን የሚያደርግላት አላገኘችም። በማርች 1870 የና በተባለችው የጀርመን ከተማ የብራምስን የአልቶ ራፕሶዲ ለመጀመሪያ ጊዜ የዘፈነችውም እርሷ ናት፤ ሥራው ለመካከለኛና ለዝቅተኛ ድምፅ የተጻፈ ነው። ድምፅዋ ወደ ነበረበት ሰፈር ስትመለስ አሁንም ታላቅ ነበረች ማለት ነው።

የፈረንሳይና የፕሩሲያ ጦርነት ሲነሳ ለንደን ገቡ፤ በ1871 ፓሪስ ተመለሱ። እስከ 1875 በፓሪስ ኮንሰርቫቷር (የሙዚቃ ትምህርት ቤት) አስተማረች፤ ከዚያ ለቅቃ ተማሪዎቿን ቤቷ ትቀበል ጀመር። ያ ቤት ራሱ ትምህርት ቤት ነበር። ካቫዬ ኮል የሠራው ኦርጋን አዳራሹ ውስጥ ቆሞ ነበር (ዛሬ ሜለን ከተማ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አለ)። በ1855 የገዛችው የሞዛርት ዶን ጆቫኒ በራሱ እጅ የተጻፈ ቅጂ እዚያ ይቀመጥ ነበር፤ ቻይኮቭስኪ በ1886 መጥቶ አይቶታል። ያ ቅጂ ኋላ ለኮንሰርቫቷር ተሰጥቶ አሁን በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ማስኔ በ1873 ማሪ ማግዳሌንን ሲያቀርብ ዋናዋን ሚና ዘፈነችለት። ወጣቱ የዜማ ደራሲ ፎሬ ዜማዎቹን ያመጣላት ነበር።

ከተማሪዎቿ መካከል ዴዚሬ አርቶ አለች፤ ቻይኮቭስኪ በ1868 ሊያገባት አስቦ የነበረችው ዘፋኝ። ማሪያኔ ብራንት በ1882 ባይሮይት ላይ ኩንድሪ የተባለችውን የዋግነር ኦፔራ ሚና ዘፍናለች። አግላያ ኦርጌኒ ደግሞ በድሬስደን ኮንሰርቫቶሪ ለብዙ ዓመታት አስተማረች፤ የእርሷ ተማሪ ማርጋሬቴ ዚምስ በ1911 ማርሻሊን የተባለችውን የሪቻርድ ሽትራውስ ኦፔራ ሚና ለመጀመሪያ ጊዜ ዘፈነች። ሴቶቹ በድምፅ ዓይነት አይመሳሰሉም፤ አንዷ ቀላልና ፈጣን፣ ሌላዋ ከባድና ድራማዊ። ሁሉንም የእርሷን ድምፅ ቅጂ ልታደርጋቸው አልሞከረችም። ራሷ ሁሉን ለመዝፈን ፈልጋ ድምፅዋን እንዳበላሸች፣ እነርሱ ግን እንደዚያ እንዳያደርጉ ትመክራቸው እንደ ነበር ይነገራል።

የወንድሟም ታሪክ ለጥያቄዎ መልስ አለው። ማኑኤል ትንሹ በወጣትነቱ ከመጠን በላይ ዘፍኖ ባሪቶን (መካከለኛ የወንድ) ድምፁ ስለ ተጎዳ መድረኩን ተወ። ከዚያ የድምፅን አካል ማጥናት ጀመረ። በ1841 የስዊድኗ ጄኒ ሊንድ ድምፅዋ ተሰብሮ ወደ እርሱ ስትመጣ መጀመሪያ ያዘዘላት ሙሉ ዝምታ ነበር፤ ለሳምንታት። ካረፈች በኋላ ከመሠረቱ ጀምሮ አስተማራት፤ እርሷም የዘመኑ ዝነኛ ሶፕራኖ ሆነች። በ1854 ደግሞ የጥርስ ሐኪም የሚጠቀምበትን ትንሽ መስታወት ጉሮሮው ውስጥ አስገብቶ፣ በእጅ መስታወት የፀሐይ ብርሃን እየመለሰ፣ የራሱን የድምፅ ጅማቶች ሲንቀሳቀሱ አየ። በሚቀጥለው ዓመት ግኝቱ ሮያል ሶሳይቲ ለሚባለው የለንደን የሳይንስ ማኅበር ቀረበ። 101 ዓመት ኖሮ በ1906 ሞተ። ሁለቱም ወንድምና እህት ድምፃቸው ተጎድቶባቸዋል፤ ሁለቱም የምዕራቡን አዘፋፈን ትምህርት ካቀኑት ሰዎች ውስጥ ናቸው። ድምፁ አንድም ቀን ያላስቸገረው ዘፋኝ ብዙ ጊዜ ምን እንደሚያደርግ ራሱም አያውቀውም፤ ተማሪው ሲቸገር «እኔን ስማና እንደኔ አድርግ» ከማለት በቀር የሚሰጠው የለም። እንዲህ ያሉ ታላላቅ ዘፋኞች ጎበዝ ተማሪዎችን ሲያበላሹ አይቻለሁ።

አሁን መጽሐፉ። አስተማሪዎ የሰጡዎት «አንድ የጥናት ሰዓት» የሚባለው ይመስለኛል፤ ለሴቶች ድምፅ የተዘጋጁ ልምምዶች ናቸው። ከዚያ ቀደም ብላ በ1861 የጣሊያን፣ የጀርመንና የፈረንሳይ አሪያዎችን ሰብስባ የትንፋሽ ቦታ፣ የአነጋገር ክብደትና የሐረግ አከፋፈል ምልክት አድርጋ አሳትማለች፤ ቤተ መጻሕፍት ካገኙት ከልምምዱ ጎን ለጎን ያንብቡት። እንዴት እንደምታስብ በግልጽ የሚታየው እዚያ ላይ ነው።

ብቻዎን ይሥሩበት ወይ? አዲስ ክፍል በጭራሽ ብቻዎን አይጀምሩ። ይህን የምልበት ምክንያት አለኝ። የጋርሲያ ቤት ትምህርት ድምፅ ሲነሳ ጥርት ብሎ እንዲጀምር ያዛል፤ ትንፋሽ ቀድሞ እንዳይፈስ ጅማቶቹ ተገናኝተው እንዲነሱ። ይህን ከወረቀት ብቻ ያነበቡ ብዙዎች ጉሮሯቸውን እንደ ሳል እየመቱ መጀመር ተማሩ። ማኑኤል ራሱ ከሳል ጋር እንዳይምታታ አስጠንቅቆ ነበር፤ ማስጠንቀቂያው ግን ለዓይን እንጂ ለጆሮ አይደርስም። ልዩነቱን የሚሰማልዎ ሰው ያስፈልጋል። አስተማሪዎ ሰምተው ያጸደቁትን ክፍል ግን በየቀኑ ብቻዎን ቢደግሙት ጥቅም እንጂ ጉዳት የለውም።

ሰዓቱን በአንድ ጊዜ አይፈጽሙት። በእርስዎ ደረጃ 15 ወይም 20 ደቂቃ ሠርተው ይረፉ፤ በኋላ ይመለሱ። ከመካከለኛው ድምፅ ይነሱ፤ መጀመሪያ ዝግ ያሉትን፣ ጥቂት ኖታ ያሏቸውን ይያዙ፤ ሩጫውና አርፔጂዮው (የአንድ ኮርድ ኖታዎች ተራ በተራ ሲዘፈኑ) የሚመጣው መስመሩ ሳይቆራረጥ ሲቀር ነው። የደረት ድምፅን ወደ ላይ አይጎትቱት። ሜዞ የሆኑ ወጣቶችን በብዛት የሚጎዳው ይህ ነው፤ ከታች የሚያምር ወፍራም ድምፅ ስላላቸው ይዘውት ይወጣሉ፤ ወደ ላይኛው ድምፅ መሸጋገሪያው ላይ ሲደርሱ ድምፁ ይሰነጠቃል ወይም ይጮሃል። መሸጋገሪያው ላይ ለስለስ ማለትን አሁን ይልመዱት። ሠርተው ሲጨርሱ የመናገሪያ ድምፅዎ ከመጀመርዎ በፊት ከነበረው ከሻከረ፣ ያን ቀን የሠሩት በዝቷል ወይም አሠራሩ ስህተት አለው፤ በማግስቱ ይተዉትና ለአስተማሪዎ ይንገሩ። ሻካራነቱ ከ3 ሳምንት በላይ ከቆየ የጉሮሮ ሐኪም ይዩ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለድምፅ ጭምር ነው።

ሌላ አንድ ምክር ከራሷ ሕይወት፤ ፒያኖ ይማሩ። ትልቅ ተጫዋች መሆን አይጠበቅብዎትም። የሚዘፍኑትን አሪያ የባስ መስመር በእጅዎ መጫወት ከቻሉ ሐረጉ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃሉ፤ ወዴት እንደሚሄድ የምታውቅ ዘፋኝ አትገፋም። ፖሊን በ1904፣ በ82 ዓመቷ፣ ስለ ሲንድሬላ የጻፈችውን ትንሽ ኦፔራ ያቀረበችው ለሰባት ዘፋኝና ለአንድ ፒያኖ ነው፤ ኦርኬስትራ የለውም። ትምህርት ቤቶች ዛሬም ይጫወቱታል፤ ዕድል ካገኙ ይግቡበት። በሜይ 18 ቀን 1910 ፓሪስ ውስጥ ሞተች፤ መቃብሯ ሞንማርትር ነው። ድምፅዋን የያዘ የታወቀ ቅጂ የለም፤ ስለዚህ ከራሷ አፍ ሰምተው ልትኮርጁት የምትችሉት ነገር አይኖርም።

ምን ልዝፈን ቢሉኝ፦ የኦርፌዎስን አሪያ አሁን አይጀምሩት፤ ኖታው ቀላል ይመስላል፤ ሦስቱን ድግግሞሾች ለመሸከም ግን የሰከነ ትንፋሽ ይጠይቃል። በፑሽኪን ግጥሞች ላይ ከጻፈቻቸው ዜማዎች በመካከለኛ ድምፅ የሚቀመጥ አንድ ይምረጡ፤ የፎሬን ቀደምት ዜማዎችም ያክሉ። ከሾፓን ማዙርካዎች ያመቻቸቻቸውን ዜማዎች ለኋላ ያቆዩዋቸው፤ ጌጠኛና ፈጣን ሩጫ ስለሚበዛባቸው ልምምዶቹን ቢያንስ አንድ ጊዜ ዳር እስከ ዳር ከጨረሱ በኋላ ነው የሚቀሉት።